በሰዓት ስንት ነው? አንድ የእሁድ ማለዳ በዳንፎርዝ

እሁድ ነው። ሌሊቱን በጥበቃ ከማድርበት የመሃል ከተማ ኮንዶሚኒየም የወጣሁት በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ቶሮንቶን የማያውቅ አንባቢ «በምድር ባቡር ሽው ብሎ ቤቱ ገባ» ይል ይሆናል። በሥራ ቀን ቢሆን እውነት ነው። እሁድ እሁድ ግን ባቡሩ እንደ ሹም አርፍዶ ነው የሚነሳው፤ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም አይንቀሳቀስም። ከተማይቱ እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ተኝቷል ብላ ወስናለች። ላልተኛነው ደግሞ 300 ቁጥር የሌሊት አውቶቡስ አለልን፤ ከምዕራብ ተነስቶ በብሎር ጎዳና፣ ቀጥሎም በዳንፎርዝ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ።

ይህን አውቶቡስ ያልተሳፈረ ሰው ቶሮንቶን አየሁ ባይል ይሻለዋል። ሲ.ኤን. ታወር ላይ ወጥቶ ከተማይቱን ቁልቁል ማየት አንድ ነገር ነው፤ ሌሊቱን ሲያጥቧት፣ ሲጠብቋት፣ ሲጋግሩላትና በሽተኛዋን ሲያስታምሙላት አድረው ከሚመለሱ ሰዎች ጋር አንገት ደፍቶ መጓዝ ሌላ ነው። ዛሬም እንደወትሮው ነው። ዱቄት ከጫማው ያልተራገፈ የዳቦ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የምግብ ማመላለሻ ቦርሳውን ታቅፎ የሚያንጎላጅ ሕንዳዊ ተማሪ፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ ወደ ኪዳን የምትገሰግስ እናት። በዓይን የማውቃት አንዲት የአገሬ ልጅም አለች፤ በአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ሆና ያደረች ናት።

«እንዴት አደርሽ?»

«ተመስገን። አንተስ?»

«ተመስገን።»

በዚህ አበቃን። እኛ ስደተኞች ከምንም በላይ የምንለዋወጠው ይህችን ቃል ነው። የምትሸፍነውም ነገር ብዙ ነው።

በስልኬ ላይ ከትናንት ጀምሮ ያልመለስኩት መልእክት አለ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ፤ በድምጿ ቀድታ የላከችው። «ጋሼ፣ ዛሬስ ሳትቀልድ ንገረኝ፤ ስንት ነው የሚከፍሉህ? ደላላው ለካናዳው ፕሮሰስ ቀብድ ጠይቆናል። እማዬ የአያቴን ቦታ ልትሸጥ ነው፤ ገዢው ሰኞ ይመጣል። ሄጄ ስንት ዓመት ብሠራ እንደምመልሰው ላስላ ብዬ ነው።»

እንግዲህ ሰኞ ነገ ነው። ልጅቱ የጠየቀችው ጥያቄ ደግሞ የሒሳብ ጥያቄ እንጂ የልመና አይደለም። ካናዳ ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ አንድም ቀን በቁጥር መልሼ አላውቅም። «ተመስገን ነው፣ እንኖራለን» እላለሁ። ከዚያ ወር ሲሞላ አንድ መቶ ዶላር እልካለሁ፤ የላኩት ገንዘብ እኔ ያልኩትን ያስተባብላል።

የሚገርመው፣ የሰውን ደሞዝ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ የአበባ እርሻዎቹ መስፋፋት ጀምረው ነበር። ከእርሻው በር ቆሜ ከሥራ የሚወጡትን ልጃገረዶች «በቀን ስንት ነው የሚከፈላችሁ?» እያልኩ እጽፍ ነበር። አንዳቸውም አልዋሹኝም። በኅዳር 2005 በፈረንጆቹ፣ ከምርጫው ቀውስ በኋላ፣ የግል ጋዜጦች ሲዘጉና ባልደረቦቻችን ሲታሰሩ እኔ በሞያሌ በኩል ወጣሁ። ካምፓላ ላይ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ። ቶሮንቶ ስደርስ ዲግሪው ተመርምሮ «እኩያ ነው» ተባለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «የካናዳ ልምድ አለህ ወይ?» የሚል ነበር። ካናዳ ሳልገባ የካናዳ ልምድ ከየት አባቴ ላምጣ? የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ይህን መጠየቅ አድልዎ ነው ያለው በ2013 ነው። ሕግ አውጥተው በሥራ ማስታወቂያ ላይ እንዳይጻፍ የከለከሉት ደግሞ ገና በ2026 ጥር 1 ቀን ነው። እኔ እስከዚያ የጥበቃ ልምድ አካበትኩ።

አውቶቡሱ የብሎርን ድልድይ ተያያዘው። ይህ ድልድይ በ1918 የተከፈተ፣ የዶንን ሸለቆ ተሻግሮ ምሥራቁን ከመሃል ከተማ ጋር ያገናኘ ነው። የሠሩት መሐንዲሶች ከመኪናው መንገድ ሥር ለባቡር የሚሆን ሁለተኛ ወለል አስቀርተው ነበር። ባዶውን አርባ ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1966 የምድር ባቡሩ ያለ ብዙ ወጪ አለፈበት። አርቆ ማሰብ ማለት ይህ ነው። ለባቡር አርባ ስምንት ዓመት ቀድሞ ያሰበ ከተማ፣ እሁድ ጠዋት ለሚሠራ ሰው ማሰብ ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም።

ድልድዩን እንደተሻገሩ ጎዳናው ስሙ ይለወጥና ዳንፎርዝ ይባላል። ስሙ የአንድ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ኤሳ ዳንፎርዝ። በ1799 ከያኔዋ ዮርክ፣ ከዛሬዋ ቶሮንቶ ማለት ነው፣ ወደ ምሥራቅ በጫካ ውስጥ መንገድ ሊያወጣ ከአስተዳደሩ ጋር ተዋዋለ። የጠረገው መንገድ ይህ የምንጓዝበት እንኳ አይደለም። መንገዱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ግን ስለ ክፍያው ከአስተዳደሩ ጋር ተካረረ፤ ቅር እንዳለው ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ የጎዳናው ስም ለእኔ ሌላ ትርጉም አለው። በክፍያ በተጣላ ሰው ስም የሚጠራ ጎዳና ላይ ነው የሰፈርነው።

ከቼስተር እስከ ፔፕ ያለው የግሪኮች ሰፈር ነው። የመንገዱ ምልክት በግሪክ ፊደል ጭምር ተጽፏል፤ ሎገን ጥግ ላይ ታላቁ እስክንድር በሐውልት ቆሟል። ግሪኮቹም ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሲመጡ ሰሃን አጣቢዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ግን ሰሃን ያጠበ ሰው ቆይቶ ሱቁን፣ ከሱቁም በላይ ሕንጻውን የሚገዛበት ዋጋ ነበረ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከዚህ ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ኪራዩ ግን ይከተላቸዋል። እዚያው ቼስተር አጠገብ ደግሞ በ1983 የተመሠረተ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የጤና ምግብ መደብር አለ፤ ቢግ ካሮት ይባላል። ባለፍኩ ቁጥር እኛ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አቃተን እላለሁ። ከዚያ እንቅልፌ ይመጣና እተወዋለሁ።

ግሪንዉድ ላይ ወረድኩ። በልማድ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚባለው ሰፈራችን ከዚህ ይጀምራል። የኢትዮጵያዊውም የኤርትራዊውም ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤቱ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ሁሉም በአማርኛና በትግርኛ ተጽፎ ተደርድሯል። በዚህ ሰዓት መጋረጃው ሁሉ እንደተዘጋ ነው። የጓዳ መብራት ግን እዚህም እዚያም በርቷል፤ ሽንኩርት በዚህ ብርድ እንኳ እስከ መንገድ ይሸታል። በምግብ ቤቶቻችን እንግዳ የሚገባበት ሰዓት ሌላ ነው፤ ሥራው የሚጀመርበት ሰዓት ሌላ ነው።

ይህን የማውቀው ከውስጥ ነው። በ2009 መጸው የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከእነዚህ ጓዳዎች በአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቤቱም ዛሬ የለም። ሰሃን አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ማታ ወለሉን እጠርጋለሁ። የክፍለ ሀገሩ ሕግ በሰዓት ከ9 ዶላር ከ50 ሳንቲም በታች አይከፈልም ይላል። እኔ የሚደርሰኝ 6 ዶላር ነበር፤ በእጅ፣ በፖስታ ታሽጎ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ስለ ሕጉ ሳነሳ ባለቤቱ ትከሻዬን አቅፎ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለኝ። ቤተሰብ መሆናችን ይበልጥ የገባኝ ቅዳሜ ሌሊት በትርፍ ሰዓት ላይ ነው፤ ለቤተሰብ ኦቨርታይም አይከፈልም። አስተናጋጇ ልጅ የምትኖረው በጉርሻ ነበር፤ ከጉርሻዋም ላይ ይቆረጥባታል። አሠሪ የሠራተኛን ጉርሻ እንዳይነካ ኦንታሪዮ በሕግ የከለከለችው በ2016 ነው።

ሰውየው ግን ክፉ ነበር ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ሚስቱ ከእኔ ቀድማ ገብታ ከእኔ ኋላ ትወጣለች። እሱ ወንበር አጋጥሞ የሚተኛበት ሌሊት ብዙ ነው። ሕንጻው የሌላ ሰው ነው። የሱቅ ተከራይ በዚህ አገር ከኪራዩ በላይ የባለቤቱን የንብረት ግብር፣ የኢንሹራንሱንና የጥገናውን ድርሻ ይከፍላል፤ ለሱቅ ኪራይ ደግሞ በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ የለም። ውሉ ሲያልቅ ባለሕንጻው የፈለገውን ይጠራል። እኛ ተመጋቢዎቹም ንጹሐን አይደለንም። በያይነቱ ላይ ሁለት ዶላር ሲጨመር «ዘረፉን» ብሎ የሚያኮርፈው ማነው? እኔ ራሴ አኩርፌያለሁ። ያቺ ሁለት ዶላር ከየትም አልተገኘችም፤ ከጓዳ ካለው ሰው የሰዓት ክፍያ ላይ ነው የተገኘችው።

ታዲያ ለምን ለሠራተኛ ሚኒስቴር አቤት አላልክም ይለኛል አንባቢ። ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ፤ የመንግሥት ቢሮ የሚባል ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። የኦንታሪዮ የሥራ ሕግ የሚጠብቀው ወረቀት ያለውንም የሌለውንም መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አሁን ላለበት ሰው ግን ልንገረው፦ ያልተከፈለን ደሞዝ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ጊዜ አለው።

ከአንዱ ምግብ ቤት መስተዋት ላይ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «አስተናጋጅ እንፈልጋለን። ክፍያ፦ በስምምነት።» ቆሜ ሳቅሁ። ይህች «በስምምነት» የምትባል ቃል ከአዲስ አበባ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተነስታ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ ዳንፎርዝ ገብታለች። ከዚሁ ከ2026 ጥር ወዲህ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የኦንታሪዮ አሠሪ ሥራ በአደባባይ ሲያስተዋውቅ ክፍያውን ወይም የክፍያውን ወለልና ጣሪያ የመጻፍ ግዴታ አለበት። የእኛ ቤቶች ትንንሽ ስለሆኑ ሕጉ አይደርስባቸውም። እኛ በጓዳ እንስማማለን።

ጥግ ያለው ቡና ቤት ገባሁ። ሁልጊዜ እሁድ ከመስኮቱ ሥር የማይጠፉ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ጎንደር የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ በሱዳን በኩል ወጥተው በ1989 እዚህ ገቡ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፎ ዛሬም ታክሲ ይነዳሉ። ስለ ልጅቱ ጥያቄ ስነግራቸው «ቁጥር ከፈለገችማ ቁጥሩ እኔ ዘንድ አለ» አሉ።

ጋሼ መኪና ማቆሚያ ኬላ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ የቦብ ሬይ መንግሥት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ በ1995 መግቢያ 6 ዶላር ከ85 ሳንቲም አደረሰው። በዚያው ዓመት ሰኔ ማይክ ሃሪስ ተመረጠ። በጥቅምት የድሃ መደጎሚያው ከመቶ 21.6 እጅ ተቆረጠ፤ የሰዓት ክፍያው ደግሞ ባለበት ቆመ። እስከ 2004 የካቲት ድረስ ንቅንቅ አላለም። «ልጄ ሲወለድ 6.85። ልጄ ሲድህ 6.85። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ገብቶ የማባዛት ሠንጠረዥ ሲያጠና 6.85» አሉ ጋሼ ጣታቸውን እየቆጠሩ። «ዳቦው ግን አልቆመም። የአውቶቡሱ ዋጋ አልቆመም።» እኔም በዘመኔ አንድ አይቻለሁ፤ በ2010 መጋቢት መጨረሻ 10.25 የገባው እስከ 2014 ሰኔ እዚያው ከርሟል። በ2018 መግቢያ 14 ዶላር ገባ፤ በ2019 ይደርሳል የተባለው 15 ዶላር በዳግ ፎርድ መንግሥት ተሰርዞ እስከ 2022 ጥር አልመጣም። በ2025 ጥቅምት 17.60 ገባ።

ኬላዎቹ ቀስ በቀስ በማሽን ሲተኩ ጋሼ ወደ ታክሲ ዞሩ። የታክሲውን ነገር ላልሰማ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። በቶሮንቶ ታክሲ ለማሰማራት የከተማው ፈቃድ፣ ሾፌሩ «ፕሌት» የሚለው፣ ግድ ነው። ቁጥሩ የተወሰነ ነበር። ፕሌቱ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይከራያል፤ አንድም ቀን መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሊይዘው ይችላል። ሾፌሩ ለፕሌቱ ኪራይ፣ ለመኪናው፣ ለነዳጁ ከፍሎ የተረፈውን ይወስዳል። «የመጀመሪያው ስድስት ሰዓት የባለፕሌቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ» ይላሉ ጋሼ። ተማሪ ሳሉ ስለ ትርፍ እሴት ሲከራከሩ ያነጉ ነበር። «ማርክስን ያኔ አነበብኩት፤ የገባኝ ግን ታክሲ ስከራይ ነው።»

በ1990ዎቹ ማብቂያ ከተማው አምባሳደር የሚባል ሌላ ፈቃድ አወጣ፤ ባለፈቃዱ ራሱ ብቻ የሚነዳው፣ የማይሸጥ፣ የማይከራይ። ቢታመም ማንም አይነዳለትም። ሁለት ዓይነት ታክሲ በአንድ መንገድ ይሄድ ነበር፤ አንዱ ንብረት፣ አንዱ ጉልበት። የንብረቱ ዋጋ እያሻቀበ በ2012 አንድ ፕሌት ከ300,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ጋሼም ልክ በዚያው ሰሞን ከባንክ ተበድረው፣ ዕቁባቸውን ቀድመው አውጥተው፣ ለጡረታ ይሆነኛል ብለው አንድ ገዙ። በ2014 ማንም የራሱን መኪና ይዞ የሚሠራበት የዑበር አገልግሎት ከተማይቱን ወረረ፤ በ2016 ከተማው ሕጋዊ አደረገው። የፕሌቱ ዋጋ እንደ ጉም በነነ። ስንት ከሰሩ ብዬ ስጠይቃቸው ግን፣ ቁጥር እኔ ዘንድ አለ ያሉት ሰውዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና «ተወው እሱን» አሉ።

ዑበር የሚነዱት ልጆቻችንስ? ለእነሱ ሰዓት ራሱ ተቆራርጧል። ከ2025 ሐምሌ 1 ጀምሮ በኦንታሪዮ በስልክ ጥሪ የሚሠሩ ሾፌሮች ዝቅተኛው ክፍያ ይገባቸዋል ተብሏል፤ የሚቆጠረው ግን ጥሪ ከተቀበሉበት እስኪያደርሱ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጥሪ የሚጠበቅበት ሰዓት በሕግ ፊት ሰዓት አይደለም። ይህን ለእህቴ ልጅ በምን ቋንቋ ላስረዳት?

ከቡና ቤቱ ወጥቼ በእግሬ ወደ ምሥራቅ ቀጠልኩ። ኮክስዌል አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ያቺው የመጦሪያዋ ልጅ ቆማለች። ወደ ቤቷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለተኛ ሥራዋ መግቢያ ሰዓት ነው። በ2020 ኮሮና መጦሪያ ቤቶችን ሲያጭድ እነዚህን ሴቶች ጀግኖች ብለው በመስኮት አጨበጨቡላቸው። በዚያው ዓመት በሰዓት 3 ዶላር ተጨመረ፤ በ2022 ቋሚ ተደረገ። ጭብጨባው እንኳ የቆየው ጥቂት ወር ነው። እሷ ግን በአንዱ ቤት ቋሚ፣ በሌላው በኤጀንሲ በኩል ነው የምትሠራው። ኤጀንሲ ማለት ሰውን በቀን የሚያከራይ ደላላ ነው። ያው አሮጊት፣ ያው አልጋ፣ ያው ሽንት ጨርቅ፤ ክፍያው ይለያያል። በ2018 ሚያዝያ «ለአንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት ክፍያ» የሚል ሕግ ለኤጀንሲ ሠራተኛም ወጥቶ ነበር፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2019 ጥር ተሻረ።

እንደ ድሮ ጋዜጠኛነቴ ድንገት ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ካልከበደሽ፣ በሰዓት ስንት ነው የሚከፍሉሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አሥር ዓመት ሰላም ስንባባል ይህን ተጠያይቀን አናውቅም። «ምነው፣ ሥራ ልትቀይር ነው?» አለች። ከዚያ ነገረችኝ፤ ሁለቱንም። ወዲያው «አንተስ?» አለችኝ። «19 ከ50» አልኳት። «አሥራ ስድስት ዓመት ቆይተህ?» አለች በመገረም። አውቶቡሷ መጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። እኛ ደግሞ የደሞዛችንን ነገር እርስ በርስ ከደበቅን ዘመን የለንም።

ከውድባይን ወዲያ ጎዳናው ይሳሳል። ምግብ ቤቱ ያልቅና የገንዘብ መላኪያ፣ የወለድ አራጣ አበዳሪና የተዘጋ ሱቅ ይበዛል። ወደ ፊት ቪክቶሪያ ፓርክ አጠገብ ያለው የገበያ ማዕከል በ1920ዎቹ ፎርድ መኪና የሚገጣጥምበት ፋብሪካ ነበር። ዛሬ እዚያ የሚሠራው ሰው ከካሽ ሬጂስተር ኋላ ነው የሚቆመው። ሜይን ላይ ረጃጅም የኪራይ ሕንጻዎች ቆመዋል፤ በአንድ ኮሪደር ላይ ሁለት ጎረቤታሞች፣ በአንድ ዓይነት ቤት፣ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሲከፍል ታገኛላችሁ። ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኪራይ ሥርዓት ተከራዩ እስካለ ድረስ ጭማሪውን ይገድባል፤ ተከራዩ ከወጣ ግን ባለቤቱ ለሚቀጥለው የፈለገውን መጥራት ይችላል። ስለዚህ የቆየ ሰው ቤቱ ቢጠብበው፣ ሥራው ቢርቀው አይወጣም። አዲስ ገቢው ደግሞ ለአንዲት መኝታ ክፍል ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል። እኔ ከዚህ ጀርባ በሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ በ1,450 እኖራለሁ። ለእሷ ብቻ ከወሩ ወደ 75 ሰዓት እቆማለሁ፤ ግብሩ ሳይቆረጥ ነው ይህ።

አሁን አንባቢ «ስለ ራስህ ድህነት አለቀስክብን» እንዳይለኝ የእህቴን ልጅ ነገር ልናገር። በ2018 ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ነበር። ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ሸሚዝና ሱሪ የሚሰፋበት፣ የሥራ አጥነት መድኃኒት ነው ተብሎለት ነበር። ደሞዟ በወር 750 ብር። ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው በሁለት ፍራሽ ይተኙ ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ከዓለም ዝቅተኛው ተባለ። በአገሪቱ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይህን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር የተወው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በ2022 ጥር አሜሪካ የአጎዋን የቀረጥ ነጻ ዕድል ነሳች፤ ገዢዎቹ ለቀው ሄዱ። ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ያኔ በ2019 እዚህ ዝቅተኛው ክፍያ 14 ዶላር ነበር። በወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ። የእሷ የወር ድካም የእኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ተቀምጬ የሀብታሞችን በር ስከፍትና ስዘጋ፣ እሷ ወሩን ሙሉ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው «ድሃ ነኝ» ብሎ እንዴት ይጻፍላት? ድሃ ነኝ ብላት ንፉግ ነው ትለኛለች፤ ሀብታም ነኝ ብላት ቦታው ይሸጣል። እኔ ደግሞ ለአሥራ ስድስት ዓመት ሦስተኛውን መረጥኩ፤ ዝም። የዳንፎርዝን መብራትና የምግብ ቤቱን ታፔላ በፎቶ እየላኩ ዝም። ፎቶው ላይ ያለው ካፖርት የተዋስኩት መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች?

አትምጪ ልላት አይደለም። እኔ የመጣሁበትን በር በሌላው ላይ የምዘጋ ማን ነኝ? ቢያንስ ግን በአበባ እርሻው በር ላይ ቆመው እቅጩን የነገሩኝ ልጃገረዶች ያደረጉትን ያህል ላድርግ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የመጨረሻውን የደሞዝ ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፤ የሰዓቱ ዋጋ፣ የሰዓቱ ብዛት፣ የተቆረጠው፣ የተረፈው። ከሥሩ የኪራይ ደረሰኙን አስቀመጥኩ። ሁለቱን በአንድ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ምንም ቃል አልጨመርኩበትም።

አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወዲያው አየችው። ብዙ ቆይታ ጻፈች።

«ጋሼ፣ የታችኛው የዓመት ነው አይደል?»

«የወር ነው» አልኳት።

ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ተወች፤ ደግማ ጀመረች። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። በድምፅ ነው የመጣው፤ ከጀርባዋ እናቷ ትሰማኛለች።

«እማዬ፣ ሰውየው ሰኞ እንዳይመጣ ደውዪለት። ጋሼ ጋ መጀመሪያ ቁጭ ብለን እናስላ።»